ባሕራችንን ላጠቡልን ኃላፊ

ለመኖሪያ ሕንፃዎች የውሃና ንጽሕና ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት ክቡር ኃላፊ፤
ባሉበት፣ ምናልባትም በስብሰባ ላይ።

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ፣ ጤናዎ ተሟልቶ፣ ወንበርዎ ተደላድሎ፣ የማኅተምዎም ቀለም ሳይደርቅ ይህ ደብዳቤ እንዲያገኝዎ ከልብ እመኛለሁ። እኔና ባለቤቴ ደህና ነን። ከእኛ ጋር ይኖሩ የነበሩት አሥራ ሰባት ዓሦች ግን ጽሕፈት ቤትዎ በሰጣቸው ነፃ አገልግሎት ምክንያት በአንድ ቀን አልቀዋል፤ ስለዚህ የእነሱን ሰላምታ ማቅረብ ባለመቻሌ ይቅርታዎን እጠይቃለሁ።

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ፣ በሕንፃችን መግቢያ ግድግዳ ላይ ለመለጠፍ የተገደድኩት፣ በፖስታ አሽጌ አቤቱታ በላክሁ ቁጥር ነገሩ እየባሰብኝ ስለሄደ ነው። መቸኮሌም ያለ ምክንያት አይደለም። ከዚያ እልቂት የተረፉ ሁለት ዓሦችና ኮራል የምትባል ጣት የምታክል አንዲት የባሕር ፍጡር በአንድ ትንሽ ገንዳ ውስጥ አሉኝ፤ የፊታችን ሰኞ ጠዋት በሦስት ሰዓት ሠራተኞችዎ መጥተው ይህንንም ገንዳ «ተመሳሳይ አገልግሎት» እንደሚሰጡት የሚገልጽ፣ ቁጥርና ቀን ያለው ደብዳቤ ደርሶኛል። የዚህ ሁሉ ጽሑፍ ዓላማ አንድ ብቻ ነው፤ እባክዎ እንዳይመጡ ያድርጉልን።

ሥራ እንደሚበዛብዎ ስለማውቅ ነገሩን ከሥሩ ላስታውስዎ። እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የሰው ማቀዝቀዣ ስጠግን ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ባለቤቴ ልብስ ሰፊ ናት። አንዲት ልጃችን አግብታ ስትወጣ ክፍሏ ባዶውን ቀረ፤ እናቷም ዓመት ሙሉ የዚያን ክፍል በር መክፈት አልሆንላት አለ። ሰው እንዲህ ሲሆን ቁጭ ብሎ ማየት ስለማልችል ግድግዳውን ሰብሬ ወፍራም መስታወት አስገባሁበት፣ ወለሉን በብረት አጠናከርኩ፣ ከሳሎን ሲያዩት ባሕር፣ ከጀርባው በበሩ ሲገቡ ግን ቧንቧ፣ ፓምፕ፣ ማጣሪያና ማራገቢያ የሆነ፣ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ሊትር የሚይዝ ገንዳ ሠራሁ። ለእያንዳንዱ ሊትር ሠላሳ አምስት ግራም የባሕር ጨው በሚዛን እየለካን ቀላቀልን። ድንጋዮቹን ካስገባን በኋላም አንድ ዓሣ ሳይገባበት ሰባት ሳምንት ጠበቅን፤ እንዲህ ያለ ውሃ ዓሣ ከመሸከሙ በፊት በዓይን የማይታዩት ጥቃቅን ፍጥረታት ሊባዙበት ይገባልና። በዚያ ሰሞን ባልና ሚስት ወንበር አጠገብ ለአጠገብ አድርገን ባዶ ውሃ ስናይ ያገኙን ጎረቤቶች ነካ ያደረገን መስሏቸው ነበር።

የመጀመሪያዋን ኮራል ያመጣችልን ልጃችን ናት። ድንጋይ ትምሰል እንጂ ሕይወት ያላት ፍጡር ናት፤ ስትመጣ የአውራ ጣት ጥፍር ታክል ነበር፣ በስድስት ዓመት የሰው ጭንቅላት አከለች። ባለቤቴ የስፌት መኪናዋን ወደ መስታወቱ አዙራ፣ ከመርፌው ቀና ባለች ቁጥር እሷንና ዓሦቹን ታይ ነበር። ሁሉንም በስም ነበር የምትጠራቸው። ሰማያዊዋን ጠፍጣፋ ዓሣ፣ ቀስ ብላ ስለምትሄድና ማንም እንዲቀድማት ስለማትወድ፣ «እትዬ» ትላት ነበር፤ አንዱን ድንቢጥ የማያክል ጥቁር ዓሣ ደግሞ፣ የገንዳውን ግማሽ የራሱ አድርጎ ሌላውን ሁሉ ሲያባርር ስለሚውል፣ «አከራዩ» ብላዋለች።

እንግዲህ ቅሬታዎቼን፣ በመሥሪያ ቤትዎ ቋንቋ ደግሞ ምስጋናዎቼን፣ በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ የመጀመሪያው ጥፋት የእኔ መሆኑን አምናለሁ። ማንም ሳይጠይቀኝ፣ ውሃውን ስቀይር ጨዋማው ወደ ሕንፃው ፍሳሽ ስለሚሄድ ፈቃድ ያስፈልገኝ ይሆን ብዬ በገዛ እግሬ ቢሮዎ ድረስ መጣሁ። በመስኮቱ በኩል ያነጋገረችኝ ጸሐፊ ግራ ተጋብታ «አባባ፣ ማን አስገደደዎት?» ብላኝ ነበር። በመሥሪያ ቤትዎ ውስጥ ካገኘኋቸው ሰዎች ሁሉ የሚጠቅመኝን የተናገረች እሷ ብቻ ነበረች፤ እኔ ግን አልሰማኋትም።

ሁለተኛ፣ የላካችሁልን ተቆጣጣሪ ትሑት ሰው በመሆኑ አመሰግናለሁ። ጫማውን አውልቆ ገባ፣ መስታወቱ ፊት ቆሞ «ወይ ጉድ!» አለ፣ እትዬን በጣቱ ተከተላት፣ ከዚያም ቅጹን አወጣ። ቅጹ ደግሞ እንደሚያውቁት ሦስት ሳጥኖች ብቻ አሉት፤ የመጠጥ ውሃ ማጠራቀሚያ፣ መዋኛ እና የፍሳሽ ጉድጓድ። ዓሣ የሚል የለውም። መዋኛ ብሎ ቢመዘግበው ነፍስ አድን ሠራተኛ መቅጠር ሊኖርብኝ ነው፤ የፍሳሽ ጉድጓድ ቢለው ባለቤቴ አጠገቡ ቆማለች፤ ስለዚህ ለእኔው አዝኖ የመጠጥ ውሃ ማጠራቀሚያ በሚለው ላይ ምልክት አደረገና «ጋሼ፣ ምንም አይደለም፣ ለመዝገብ ያህል ነው» አለኝ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ በጽሕፈት ቤትዎ ውስጥ በዓይኑ የተጠቀመ ሰው የለም፤ ሁሉም ያነበበው ያችን ምልክት ነው።

ሦስተኛ፣ የምርመራ ውጤቱ ፍጹም ትክክል ነበር። ተቆጣጣሪው ጣቱን ነክሮ ቀመሰ፣ ፊቱን አጨማደደ፣ ጻፈም። ሪፖርቱ እንደሚለው የመጠጥ ውሃዬ «በከፍተኛ መጠን ጨው የተበከለ»፣ «ሕያዋን እንስሳት የገቡበት»፣ ድንጋዮቹም «ሐምራዊ ሻጋታና እብጠት የያዙ» ናቸው። ያ ሐምራዊ ቅርፊት የገንዳ ባሕር ጤነኛ ሲሆን ብቻ ድንጋይ ላይ የሚወጣ፣ እኛም መጣ አልመጣ እያልን ሁለት ዓመት የጠበቅነው ነገር ነው። እብጠት የተባለችው ደግሞ የልጃችን ኮራል ናት። እኔ ሪፖርቱ ሲደርሰኝ ስቄ ለጎረቤት አነበብኩት፤ እንዲህ ያለውን ነገር አንብቦ እርምጃ የሚወስድ ሰው ይኖራል ብዬ በሕልሜም አላሰብኩም ነበር። ክቡርነትዎን አሳንሼ በመገመቴ አፍራለሁ።

አራተኛ፣ ልጃችንን ልንጠይቅ ለሦስት ቀን በሄድንበት ጊዜ መምጣታችሁን እንደ ጨዋነት ቆጥሬዋለሁ፤ እንግዳ ሲመጣ ቤት ብንሆን ኖሮ መላወሻ ይጠባችሁ ነበር። ቁልፉን ዓሦቹን እንዲመግብልን ለሕንፃው ዘበኛ ትተንለት ነበር። ዘበኛው፣ በእርግጥ በዚህ ታሪክ ውስጥ ለደመወዙ የሚገባውን የሠራ እሱ ብቻ ነው፣ በሩ ላይ ቆሞ ሠራተኞችዎን «ባሕር ነው፣ አትንኩት» ብሏቸዋል። ወረቀት አሳዩት። እስከ ዛሬ ባገኘኝ ቁጥር ዓይኔን ማየት እየከበደው «ጋሼ፣ ማኅተም ነበረው እኮ» ይለኛል፤ እኔም አይዞህ፣ ማኅተሙን ያመጣኸው አንተ አይደለህም እለዋለሁ።

አምስተኛ፣ ሠራተኞችዎ ሥራ አይችሉም የሚል ሰው ቢመጣ ፊት ለፊት እከራከረዋለሁ። ጨዋማውን ውሃ እስከ መጨረሻው ጠብታ አፈሰሱት። ድንጋዮቹን በሽቦ ብሩሽ ፈግፍገው እንደ ኖራ አነጧቸው። ስድስት ዓመት ያደገችውን ኮራል ፍቀው፣ ፍርፋሪዋን በጆንያ ከተው አወጡ። በክሎሪን አጠቡ፣ አለቀለቁ፣ በቧንቧ ውሃ እስከ አፉ ሞሉት። ዓሦቹን ግን አልጣሏቸውም፤ ሰዎች ናቸውና አዘኑላቸው፣ በባልዲ አቆይተው ንጹሑ ውሃ ሲሞላ አንድ በአንድ መልሰው ከተቷቸው። እኛ ስንደርስ መብራቱ በርቶ፣ ፓምፑ እየሠራ፣ ውሃው ከምን ጊዜውም ይልቅ ጠርቶ ነበር፤ አሥራ ሰባቱም ዓሦች ላይ ላዩን ተንሳፍፈው ነበር። አከራዩ እንኳ ከሌሎቹ ጋር ተቀላቅሎ ነበር። ባለቤቴ መረቧን አንሥታ በየስማቸው እየጠራች አወጣቻቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የስፌት መኪናዋን ወደ ግድግዳ አዙራለች። እኔ ደግሞ ተናድጃለሁ፣ ክቡር ሆይ፤ ለዚህ ከዚህ የተሻለ ጨዋ ቃል ፈልጌ አጥቻለሁ።

ስድስተኛ፣ ለመጀመሪያው አቤቱታዬ በፊርማዎ የሰጡኝን መልስ በቃሌ ይዤዋለሁ። ዓሦቹ የሞቱት «ከንጹሕ ውሃ ጋር መላመድ ባለመቻላቸው» ነው ይላል፤ እኔም «እንስሳቱን ለንጹሕ ውሃ አስቀድሜ ባለማዘጋጀቴ» በቸልተኝነት ተመዝግቤያለሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት ማቀዝቀዣ ስጠግን አንድም ቀን ለደንበኛ፣ ሥጋው የሸተተው ከሙቀት ጋር መላመድ ስላቃተው ነው ብዬ አላውቅም። እንዲህ መባል እንደሚቻል ብሰማ ኖሮ ስንት ድካም ይቀርልኝ ነበር! ለሁለተኛው አቤቱታዬ የደረሰኝ መልስ የመጀመሪያው መልስ ቅጂ ስለነበር ሁለቱንም አንድ ላይ አመስግኛለሁ።

ሰባተኛ፣ እዚህ ላይ ነው ልመናዬ። ከትልቁ ገንዳ በስተጀርባ፣ በሩ አጠገብ፣ ጥቁር ጨርቅ የለበሰ ዘጠና ሊትር የሚይዝ ማቆያ ገንዳ አለን። በውስጡ ብርቱካናማ ባለ ነጭ ጥለት የሆኑ ባልና ሚስት ዓሦች አሉ፤ አከራዩ መግቢያ መውጫ ሲያሳጣቸው ጊዜ ለይተናቸው ነበር። ከእነሱ ጋር፣ ባለቤቴ ለልጃችን ቤት እንድትሆን ብላ ከትልቋ ኮራል የቆረጠቻት ቅርንጫፍ አለች፤ ቁርጧ ገና ስላልጠገገ ነበር በዚያ ጉዞ ይዘናት ያልሄድነው። ሠራተኞችዎ ጨርቁን ያደረ የሚታጠብ ልብስ መስሏቸው አለፉት። እኔ ግን፣ ሰው ከስሕተቱ አይማርምና፣ በሦስተኛው አቤቱታዬ ላይ፣ ጨዋማው ውሃ ውስጥ የቀሩት ሁለቱ እስካሁን በሕይወት እንዳሉ እንደ ማስረጃ ጠቀስኩላችሁ። አቤቱታ አታነቡም የሚለው ሐሜት ሐሰት ነው። አንብባችሁታል፤ ከዚያም ውስጥ ያልተመዘገበ ሁለተኛ የመጠጥ ውሃ ማጠራቀሚያ እንዳለኝ አግኝታችሁበታል።

የምጠይቅዎ ካሣ አይደለም፤ የዚያችን ኮራል ስድስት ዓመት ከየት ያመጡታል? ይቅርታም አልጠይቅዎትም፤ እሱም ቅጽ ሳይኖረው አይቀርም። ዓሣ የሚል አራተኛ ሳጥን በቅጽዎ ላይ እንዲጨመር ብለምን ደግሞ ኮሚቴ ተቋቁሞ፣ ኮሚቴው ሳይሰበሰብ ሰኞ ይደርሳል። ስለዚህ ሰኞን ብቻ ይተዉልን። ባለቤቴ ከቤቱ ሁሉ የምታየው ነገር የቀራት ያቺ ጣት የምታክል ቅርንጫፍ ናት፤ ትናንት ጫፏ ላይ አዲስ ነጭ ነጥብ ማውጣቷን አይታ፣ ከብዙ ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠርታ አሳየችኝ።

ጉዳዩ ይግባኝ የለውም የሚባል ከሆነም፣ ሠራተኞችዎ እንዳይጉላሉ አስቀድሜ ላሳውቅዎ። ዛሬ ጠዋት የስፌት መኪናዋን ለሁለት ተሸክመን ገንዳዎቹ ያሉበት ክፍል በር ላይ አቁመነዋል፤ ከነጠረጴዛው በሩን ሙሉ በሙሉ ይይዘዋል። ሰኞ በሦስት ሰዓት እዚያው ተቀምጣ ትሰፋለች። ዘበኛውም የዕረፍት ቀኑ ቢሆንም አጠገቧ ወንበር ይዞ እንደሚውል ነግሮኛል። ሠራተኞችዎን ከመላክ ይልቅ ክቡርነትዎ ራስዎ ቢመጡ ይሻላል፤ ሰው የሚያዝዘውን ነገር አንድ ቀን ቆሞ ቢያየው አይከፋምና።

ለንጽሕና ያለዎትን ወደር የለሽ ፍቅር እያደነቅሁ፣ በቢሮዎም፣ በቤትዎም፣ በሚጠጡትም ውሃ ሁሉ ጽሕፈት ቤትዎ ለእኛ ያደረገልንን ያህል እንዲያደርግልዎ እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሣ፣

በመዝገብዎ «ቸልተኛ የማጠራቀሚያ ባለቤት» በመባል የምታወቅ፣
የምድር ቤቱ ነዋሪ፣ የቀድሞው ማቀዝቀዣ ጠጋኝ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህንን ልለጥፍ ስወጣ ከቢሮዎ የተላከ «የተገልጋይ እርካታ መጠይቅ» በቤቴ በር ሥር አገኘሁ። ፍጥነት ለሚለው በጣም ጥሩ፣ ጥራት ለሚለው በጣም ጥሩ፣ የሠራተኞች ትሕትና ለሚለውም በጣም ጥሩ ብያለሁ። «አገልግሎቱን ያገኘው ቤተሰብ ብዛት» የሚለውን ግን አንድ ቁጥር ብቻ ጽፌ ማለፍ ስላልቻልኩ እንዲህ ሞልቼዋለሁ፦ ከአገልግሎቱ በፊት ሃያ አንድ፣ ከአገልግሎቱ በኋላ አራት። ሰኞ ጠዋት አራታችንም ቤት ነን።