የበለጠች ገብስ

ሞላሌ፣ ሐምሌ ፲፪ ቀን ፲፱፻፶፬ ዓ.ም.

ልጄ ወንዳፈራሁ፣ ማርያም በወጣህበት ሁሉ ትቅደምህ፤ እንደምን ሰነበትህ? እኛ እግዜር ይመስገን ደህና ነን። አባትህን ጉልበታቸውን አሟቸው ነበር፤ ተሽሏቸዋል። ቡሬዋ ላም ወልዳለች።

ደብዳቤህን መሪጌታ ዓምደ ሚካኤል አነበቡልኝ። የአሜሪካ ጓደኞችህ፣ «ስለ ነገ ስትጠየቁ ‹እግዜር ካለ› የምትሉት ተስፋ ስለሌላችሁ ነው» ማለታቸው ገረመኝ። እስቲ የጎረቤታችንን የበለጠችን ነገር ንገራቸው።

ባሏ በሞተ በዓመቱ፣ በኅዳር፣ ውርጭ ገብሷን ሁሉ መታባት። የቀራት ለሦስት ልጆቿ ቀለብ ያስቀመጠችው አንድ ስልቻ ብቻ ነበር። በልግ ሲደርስ ያንን ተሸክማ ወደ እርሻ ስትወርድ አየኋትና፣ «አንቺ፣ ልጆቹ ምን ሊበሉ ነው?» ብዬ ጮኽኩባት።

«ከበላነው ያልቃል፤ ከዘራነው እግዜር ያውቃል» ብላኝ አለፈች።

አባትህ በሬ ጠምደው አረሱላት፤ ልጆቿንም ጎረቤቱ ተከፋፍለን አበላን። ዝናቡ ሁለት ሳምንት ሙሉ ቀረ። እሷ ግን በየማለዳው እርሻው ዳር ሄዳ ትቆም ነበር። ከዚያ ዘነበ! በሰኔ ያ ገብስ ወገቤ ድረስ ቆሞ ባየው፣ ቤተ ክርስቲያን የደረስኩ መስሎኝ ነጠላዬን መስቀለኛ አጣፋሁ። ልጄ፣ እንዲህ ያለ ነገር በዕድሜዬ አላየሁም።

አንድ ነገር ግን አሳሰበኝ። እዚያ አገር ሰው ሁሉ ሲጠየቅ «ደህና ነኝ» ይላል ብለሃል። ታዲያ የታመመውን በምን ያውቁታል? አንተም ልማዳቸውን ይዘህ እንዳትደብቀኝ፤ ሲያምህ «አመመኝ» ብለህ ጻፍልኝ፣ አደራ። አምላክ ዓይንህን በዓይኔ ያሳየኝ።

እናትህ አስካለ ማርያም