ነቅተው የታከሙት መምህርት እትዬ

ታናናሾቻቸው፣ በኋላም ተማሪዎቻቸው ሁሉ «እትዬ» የምንላቸው የሒሳብ መምህርት፣ ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከአዋላጅ እናታቸው በ1951 ዓ.ም. ተወለዱ። የቤቱ በኩር ነበሩ። ቁጥርን የለመዱት፣ አባታቸው ጨርቅ ሲለኩ አጠገባቸው ቁጭ ብለው ነው።

ትምህርታቸውን ተከታትለው በ1972 ዓ.ም. ከመምህራን ኮሌጅ ተመረቁ። በ1977 ዓ.ም. አናጺውን ባለቤታቸውን አግብተው አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ አፈሩ።

በአርባዎቹ ዕድሜያቸው የዓይን ቆባቸው እየከበደ መውረድ ጀመረ። ለማየት አገጫቸውን ቀና ማድረግ ስለነበረባቸው የማያውቋቸው «ኮርተዋል» ይሉ ነበር። አዲስ ተማሪዎች ደግሞ ተኝተዋል ብለው ይኮራረጁ ነበር፤ ከቆቡ ሥር በቀረችው ስንጥቅ እንደሚያዩ የሚገባቸው ወረቀታቸው ሲነጠቅ ነው። ኋላ ግን ስንጥቋም ጠበበች፤ ቆባቸውን ግንባራቸው ላይ በፕላስተር ለጥፈው ያስተምሩ ጀመር።

ሐኪሞች ሕመሙ የማይቶኮንድሪያ፣ ማለትም ለሰውነት ጉልበት የሚያመነጩት ጥቃቅን የሕዋስ ክፍሎች ድካም መሆኑን ነገሯቸው። ቆቡ በቀዶ ሕክምና ይነሳል፤ ሙሉ ሰመመን ግን ለደከመው ጡንቻቸውና ልባቸው ያሰጋ ነበር። ቦታውን ብቻ የሚያደነዝዘው መርፌም ሲበዛ ያንኑ የደከመ ጉልበት ይጫናል። ስለዚህ ሐኪሞች እየተቀባበሉ መለሷቸው። ባለቤታቸውም «ሳታይኝም ቢሆን ኑሪልኝ» ብለው ለመኗቸው። እትዬ ግን ማስተማር ከቀረ ምኑን ኖርኩት አሉ።

በ2003 ዓ.ም. አንዲት የሰመመን ሐኪም እምቢ አላሏቸውም። «መድኃኒቱን በጥቂት በጥቂቱ እየሰጠሁ ልብዎን እከታተላለሁ፤ ግን ትንሽ ያምዎታል» አሏቸው። እትዬም «ሠላሳ ዓመት የተማሪ ጫጫታ የቻለ ሰው ይህ አያቅተውም። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ብለው ተስማሙ። ባዶ ሆድ እንዳያደክማቸው ግሉኮስ ተሰቅሎላቸው ነቅተው ታከሙ። ሐኪሟ ከአንዱ መርፌ ወደ ሌላው ሳይቸኩሉ ያነጋግሯቸው ነበር። እትዬም ቀዶ ሐኪሙን ብዜት ይጠይቁ ነበር፤ ሐኪሙ አንዱን ተሳስተዋል። ሲወጡ ባለቤታቸውን ቀጥ ብለው አዩና «አንተ፣ ለካ ይህን ያህል ሸብተሃል» አሉ።

ከዚያ በኋላ ያለ ፕላስተር አስተምረው በ2011 ዓ.ም. በክብር ጡረታ ወጡ። የልጅ ልጃቸውንም ዓይን ለዓይን እየተያዩ አሳደጉ። ለእነዚህ ዓመታት ሐኪሟን ቤተሰቡ አመስግኖ አይጠግብም።

የተነሳው ቆብ ሲተኙም ሙሉ በሙሉ አይገጥምም ነበርና፣ ባለቤታቸው ማታ ማታ ዓይናቸው እንዳይደርቅ ቅባት ይቀቡላቸው ነበር። ልባቸው ደክሞ ሲታከሙ ቆይተው ሚያዝያ 11 ቀን 2016 ዓ.ም. በቤተሰባቸው መካከል አረፉ። ባለቤታቸውም እንደወትሮው ቅባቱን ቀብተው፣ ቆባቸው እስኪገጥም ድረስ በመዳፋቸው ይዘው ቆዩ።

ባለቤታቸው፣ ሁለት ልጆቻቸው፣ አንዲት የልጅ ልጃቸው፣ ወንድሞቻቸውና እህቶቻቸው በሕይወት አሉ። እንዲያዩ የረዷቸውን እጆች ፈጣሪ ይባርክ፤ ለእትዬ ነፍስም የማይመሽ ብርሃን ይስጥልን።