ማጭዶቹ በአንድ ጆንያ

ኅዳር 11 ቀን 1977፣ ገዳሪፍ፣ ሱዳን
ዛሬም የማሽላ አጨዳ። ወገቤ... ወኪሉ ኢስሃቅ ቀጣሪያችን ነው፤ የቀን ክፍያችንን ቀነሰ። "ዝናብ የለም፣ ኻላስ! በቃ!" አለ። ሁለተኛ ዓመት ላይ ጥዬው የተሰደድሁት ኢኮኖሚክስ ትዝ አለኝ። አጫጅ ካጣ እህሉ ይረግፍበታል። ታዲያ ለምን እንገባለታለን?

ኅዳር 13
ካልገባን ይጨምራል ብዬ ለአጫጆቹ ነገርኋቸው። "ዩኒቨርስቲው" እያሉ ሳቁብኝ። የቡድናችን አለቃ እንግዳው ግን አልሳቀም።
"ዩኒቨርስቲው፣ አንዱ ሹልክ ብሎ ቢገባስ?"
ይህንንም ተምሬዋለሁ። "ማጭዱን ሁሉ በአንድ ጆንያ እንሰር። ጆንያውን አንተ ያዝ።"
በማተባቸው ማሉ። ኮራሁ... ለምን እዋሻለሁ?

ኅዳር 16
ማሳው ጭር ብሏል። ኢስሃቅ በመኪና መጥቶ ለመነን። ከእኛ ቀልደኛው ጋረደው ከተኛበት ሳይነሳ፣ "አንተው እጨደው ኢስሃቅ! ቦርጭህም ይቀንስልሃል!" አለው። ሳቅ በሳቅ። ነገ ይጨምራል።

ኅዳር 17
አልጨመረም። ከድንበር ትናንት የገቡ ሰዎች ጭኖ መጣ። የአገራችን ሰዎች። አጥንት ብቻ። ለሚበሉት ያህል ይሠራሉ። ማጭድ የላቸውም፤ በቢላ ይቆርጣሉ፣ በእጃቸው ይነቅላሉ።
በስሌቴ እነሱን አልቆጠርኋቸውም። ረሃቡን ሸሽቼ የመጣሁት እኔ... እንዴት ሳልቆጥረው?

ኅዳር 18
ማለዳ እንግዳው ጆንያውን ፈታ።
"ጋሼ እንግዳው፣ ተርበው እኮ ነው!"
"ሌላ ሰው ከገባ ከንቱ ነው ያልኸን አንተ አይደለህ?"
ሁሉም አንዳንድ እየመዘዘ ሮጠ። ያ ቀልደኛው ጋረደው አንዱን ሰውዬ ነዶ እንደታቀፈ አንገቱን አለው። ሰውዬው ወደቀ፣ ነዶውን ግን አለቀቀም። ደጋግሞ መታው። ሚስቱ "አስናቀው! አስናቀው!" ስትል ስሙን አወቅሁ። ጩኸቴን አልሰሙም... ጮኼ ነበር?
አምስት ሞቱ። የተረፉት ሸሹ።

ኅዳር 20
ፖሊስ እንግዳውንና ጋረደውን ወሰደ። እኔን የጠየቀኝ የለም።

ኅዳር 23
ኢስሃቅ ጨመረ። ልክ የጠየቅነውን ያህል። አዲስ መጤ ጠፋ፣ ሠራተኛ አነሰ፣ ዋጋው ወጣ። እንደተማርሁት። አንዱ ትከሻዬን መታ አድርጎ "ዩኒቨርስቲው ይኑርልን!" አለ። ጥዬው ሄድሁ።
ስመለስ የአስናቀው ሚስት ለሥራ በተሰለፉት መካከል ቆማለች። ሸጊቱ ይሏታል። መሄጃ የላትም። ማን እንደሆንሁ አታውቅም።
"ወንድሜ፣ ዛሬ በስንት ነው የሚያስገቡት?"
ነገርኋት።
"ጥሩ ነው" አለች።