ጽዋ የያዘች ዓባይን አትሻገርም

ሰኔ 9፣ ከሰዓት በኋላ

ፈተና እያረምኩ ነው። ስምንተኛ ክፍል፣ ጂኦግራፊ። የኮኮናት ዛፍ የት ይበቅላል? ግማሾቹ ደጋ ላይ ተክለውታል። ኤክስ ላደርግ ቀይ እስክሪብቶዬን አነሣሁና መልሼ አስቀመጥኩ። እኔስ የት አይቼው? ይሄን ሁሉ ዘመን ብቸና ላይ ስለ ምድር ወገብ አስተምሬ ከአ.አ. ወዲያ አልፌ አላውቅም። ባሕር አላየሁም።

በዚህ ክረምት እሄዳለሁ። አንተ ደብተር ቀድሞም ታውቃለህ፤ ለሰው የተናገርኩት ግን ዛሬ ነው። በሞያሌ ወደ ኬንያ፣ ከዚያ ታንዛኒያ፣ ከቻልኩ ማላዊ። ሁሉም ሞቃት፣ ሁሉም ርካሽ። አንዲት የድሮ ጓደኛዬ ከባሏ ጋር ኖራበታለች። አውቶቡሱ እንደኛው ሰውና ዶሮ አንድ ላይ ይጭናል፤ ሚሲዮኖች ዘንድ አልጋ በትንሽ ገንዘብ ይገኛል፤ ምግቡ ሙዝና የበቆሎ ገንፎ ነው ትላለች። ገንፎ እዚህም አለ። የሌለው ባሕሩ ነው።

መምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ሳቁብኝ። ም/ዳይሬክተሩ ለሕክምና ነው ወይ አለ። አይደለም። ዘመድ አለሽ? የለኝም። ታዲያ ለምን? ለማየት። ማየት እዚህ ምክንያት አይሆንም። በዚህ ዘመን የሄደ ሁሉ ቀርቷል፤ ስለዚህ የምትሄድ ሁሉ ልትቀር ነው። እኔ ግን እሄዳለሁ፣ አያለሁ፣ እመለሳለሁ። የማያምኑኝ የመጨረሻዋን ቃል ነው።

ሰኔ 13

ቀበሌ ሄድኩ። ሊ/መንበሩ የድሮ ተማሪዬ ነው። ካርታ ላይ ቀይ ባሕርን ፈልጎ ያጣ ልጅ ነበር። አሁን ሽጉጥ ታጥቋል። ጓዲት የሻረግ ሲለኝ አንቺ ነኝ፤ ሲረሳ ቲቸር እሆናለሁ፣ ያኔ አንቱታው ይመጣል።

ምን ልታዪ ነው አለ። ባሕር አልኩ።

«ጣና ምን አነሰው? ከሞጣ ቀጥሎ ነው እኮ!»

ጣና ጨው የለውም አልኩት። ጸሐፊው ሳቀ፤ ሊ/መንበሩ ሲያየው ሳቁን ዋጠ።

የመውጫ ፈቃድ የሚሰጠው አ.አ. ነው። ያለ ቀበሌ ደብዳቤ ግን በር አይከፍቱም። ለደብዳቤው ደግሞ ዋስ ጥሪ ተባልኩ። እኔ ባልመለስ በእኔ ፈንታ የሚታሰር ሰው ማለት ነው። በሩ ላይ ስደርስ ከኋላዬ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ቲቸር፣ ይተዉት። ማንም አይሆንልዎትም።»

እናያለን።

ሰኔ 17

ማንም አልሆነልኝም። ም/ዳይሬክተሩ ልጆች አሉኝ አለ። ባለሱቁ ጎረቤቴ ከሩቅ ሲያየኝ መዝጊያውን ገርበብ አድርጎ ወደ ጓዳ ገባ። አንድ ጡረተኛ ባልደረባዬ ጸሎት አደርግልሻለሁ አሉ። ደግ ሰዎች ናቸው። ፈሪዎችም ናቸው።

የቀሩኝ ጋሼ አስረስ ናቸው፣ ሞጣ ቅኔ የሚያስተምሩት ታላቅ ወንድሜ። እሳቸውን አልጠይቅም። ለገዛ ልጃቸው ዋስ ሆነው ነበር። ልጁ በመተማ ሱዳን ገባ፤ እሳቸው ታሰሩ። ሲፈቱ የፊት ጥርሳቸው አልነበረም። ስለዚያ አንድም ቀን አውርተን አናውቅም።

ዝናቡ ጀመረ። ካርታውን ግድግዳው ላይ እንደሰቀልኩት ነው። አላወርደውም።

ሰኔ 21፣ ማታ

የማርያም ማኅበር፣ ጎረቤቴ እናንዬ ቤት። የሰኔዋ ቀን ጭቅጭቅ አታጣም። ቀጥላ የምትደግሰው ጽዋውን ዛሬ ትረከባለች፤ ክረምቱን ደግሞ አንሰበሰብም። ስለዚህ የዛሬውን ጽዋ የወሰደች ክረምቱን ሙሉ ቤቷ አስቀምጣ መስከረም 21 ትደግሳለች፣ ጎተራ ባዶ፣ አዲስ እህል ገና ማሳ ላይ እያለ። ማንም አይፈልገውም። ተራ የደረሳት ታማለች። ሁሉም ጉልበቱን ያያል።

አንዷ የሻረግ ትውሰደው አለች።

«እሷማ!» አለች እናንዬ፣ ጠላ እየቀዳች። «ኬንያ ድረስ ተከትለን ልንጠጣ ነው? ድግሷን ዝንጀሮ ይብላላት!»

ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። የማኅበሩ ሙሴ፣ አለቃችን እትዬ ጥሩነሽ ብቻ አልሳቁም፤ ያዩኝ ነበር።

ተነሣሁ። ተንበርክኬ ጽዋውን ተቀበልኩ። እልልታው ዘግይቶ መጣ። በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለች ትንሽ የሸክላ ዕቃ ናት። በነጠላዬ ሸፍኜ፣ በዝናቡ፣ አቅፌያት ገባሁ። እናንዬን ልኳን አሳየኋት!

ሰኔ 22፣ ጧት

ጅል። ጅል። ጅል።

የማኅበራችን ሕግ፦ ጽዋ የያዘች፣ ደግሳ ለተረኛዋ ሳታስረክብ፣ ዓባይን አትሻገርም። ስገባ ነግረውኛል። ሁላችንም ተነግሮናል። በአያቶቻችን ዘመን ተሻግራ የቀረች ነበረች ይባላል፤ ጽዋው ሳይጠጣ ዓመት ከረመ። እኔ ከቁጣዬ በቀር ምንም አላሰብኩም። አ.አ. ከዓባይ ማዶ ነው። ኬንያም፣ ባሕሩም። መንገዴን በገዛ እጄ ዘጋሁት።

እናንዬ ባጥር ብቅ አለች። እንግዲህ ክረምቱን አብረን ነን፣ አለች። ፊቷ በርቷል። ከከበደሽ መልሺውና እኔ ልደግስልሽ፣ ነውር የለውም አለች። ቀጠለች፦ «ላትመለሺ እንደነበር ግን ያኔ እናውቃለን።»

ብመልሰው ከዳተኛ ነኝ። ባልመልሰው እስረኛ።

ሰኔ 25፣ ሞጣ

ዋስ ልጠይቅ አይደለም የመጣሁ። ሕጉን የሚፈታልኝ ሊቅ ፈልጌ ነው። ግንደወይን ላይ ጎማ ፈነዳ፤ ወርደን ጭቃ ውስጥ ቆምን። ስደርስ ጋሼ ተማሪዎቻቸውን አሰናብተው ብቻቸውን ነበሩ። ሁሉንም ነገርኳቸው።

ሰምተው ሲጨርሱ፦ ሕጉ የወጣው ዓባይ በዋናና በታንኳ ሲሻገሩት ነው፣ አዞም ነበረ፣ አሉ።

«የሻረው ድልድዩ ነው። እኔ አይደለሁም።»

አፌን ሳልከፍት ጨመሩ፦ «ዋስ ግን አትጥሪብኝ።»

አልጠራሁም አልኩ። አውቃለሁ፣ ስለዚህ ነው ቀድሜ የተናገርኩት አሉ። ቂም አልያዝኩም። ትንሽ ይዣለሁ።

ሊሸኙኝ ወጡ። ባሕሩን አይተሽ ምን ታደርጊያለሽ አሉኝ። እቀምሰዋለሁ፣ ጨው መሆኑን ሳረጋግጥ ተፍቼ እመለሳለሁ አልኩ። ሳቁ። ጥርስ የሌለው ሳቅ። ከተፈቱ ወዲህ ሲስቁ አላየሁም።

ሰኔ 28

ቀጥታ እትዬ ጥሩነሽ ዘንድ። ማኅበራችንን የሚያዝዙትም የሚቀጡትም እሳቸው ናቸው። ጥጥ ይፈትላሉ። ቆሜ ተናገርኩ፦ ጽዋውን አልመልስም፤ መንገዱንም አልተውም። የጋሼን ቃል ነገርኳቸው።

እንዝርቱ አልቆመም። መስከረም ስንት ጋን ትጠምቂያለሽ አሉ። ሁለት አልኩ።

«ሦስት። ሦስተኛው ቅጣትሽ ነው።»

የምን ቅጣት? የመሻገርሽ፣ አሉ። ወንድሜ ሊቅ ቢሆኑም የማኅበሩ ሙሴ እንዳልሆኑ፣ ሕጉም እንዳልተሻረ አስረዱኝ። ቅጣቱን የምከፍለው ስመለስ ነው። ከዚያ ጃንጥላቸውን አነሡ። ተከተልኳቸው። መንገዱ የቀበሌ መንገድ ነው። ጭቃው ላይ ክንዴን ያዙ።

ሊ/መንበሩ ብድግ አለ። ዋሷ እኔ ነኝ አሉት።

«እትዬ፣ በምን ያምኗታል?»

«ጽዋ ይዛለች።»

ጽዋ ዋስትና አይሆንም፣ መንግሥት አያውቀውም አለ።

«እናትህ አንተን በወለደች ሰሞን ተራዋ ነበር። ከአራስ ቤት ወጥታ ደገሰች። ልጄ ታሞብኛል አላለችም። አንተም ታመህ ነበር።» ወንበር ሳቡ፣ ተቀመጡ። «ይቺ ባትመጣ እኔን እሰር። ድግሱን ግን አንተ ትደግሳለህ።»

ጸሐፊው ጣሪያ ጣሪያ አየ። ሊ/መንበሩ ማኅተሙን ፈለገ፤ ፊት ለፊቱ ነበር። እትዬ ጥሩነሽ አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው ወረቀቱ ላይ ተጫኑ። ስንወጣ ጣታቸውን በኔ ነጠላ ጠረጉ።

አላለቀስኩም። ብቻ ይህ ሁሉ ጉድ ባሕር ለማየት ነው።

ሐምሌ 4

ት/ቤት ተዘጋ። ጌሾ ገዝቼ አደረቅኩ፤ ማድጋ ውስጥ ከደንኩት። ሁለት ጋን አጠብኩ፤ ሦስተኛ ተዋስኩ። ጽዋዋን መደርደሪያው ላይ፣ ከካርታው ሥር አኖርኳት። አንድ ሻንጣ፣ ሁለት ቀሚስ፣ ሸራ ጫማ።

የቤቴን ቁልፍ ለእናንዬ ሰጠኋት። ሆን ብዬ። ነሐሴ ሲያልቅ ጋኖቹን አጥኚልኝ አልኳት። ቁልፉን እንደ ፍም ያዘችው።

«እውነት ልትመጪ ነው?»

«ጢሱ በደንብ ይግባበት፣ የወይራ ይሁን» ብያት ሄድኩ።

ሐምሌ 6፣ ደጀን

አውቶቡሱ ኬላ ላይ ቆሟል። ጉልበቴ ላይ ነው የምጽፈው። አ.አ. ሊከለክሉኝ ይችላሉ፤ ሞኝ አይደለሁም። ከከለከሉኝ በሚመጣው ክረምት እንደገና እጠይቃለሁ፣ በዚያም በሚከተለውም። ቢሰለቻቸው እንጂ አይሰለቸኝም።

ወታደሩ ገባ። ወረቀቴን ገልብጦ አየ።

«እናት፣ ወዴት ነው?»

ኬንያ አልኩ። ሰው ሁሉ ዞረ። ከዚያስ አለ። ታንዛኒያ። ከዚያስ? ማላዊ። እየቀለድሽ ነው? ዓይኑ ቀልቷል፤ እንቅልፍ ያላገኘ ልጅ።

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ብቸና። መስከረም 21 ድግስ አለብኝ። ሦስት ጋን።»

ወረቀቱን አጥፎ መለሰልኝ። በእጁ ሾፌሩን ሂድ አለው።

መውረድ ጀመርን። እጄ ይዘላል፣ ጽሕፈቴ አይነበብም። ጭጋግ። ከኋላዬ አንዲት ሴት ማርያምን ትማፀናለች። ሙቀቱ ገባ። ውሃው ታየ፣ ቡናማ፣ የኛ አፈር ነው። ድልድዩ ላይ ነን። እየተሻገርን ነው።