ሁለት ጊዜ የተጻፈ አያት

ደብረ ብርሃን፣ ማክሰኞ ጥቅምት 18 ቀን 2018 ዓ.ም.

ቀኑን ሙሉ ስንጨረጨር ዋልኩ። ለአንደኛ ክፍሎቼ ስለ ቤተሰብ ሳስተምር የራሳቸውንና የእናታቸውን ስም ከነአባት እንዲጽፉ አዘዝኳቸው። ናሆም «ናሆም ተሰማ» ብሎ ጻፈ፤ ከሥሩ ደግሞ «እናቴ አልማዝ ተሰማ»። በስማቸው ያስመዘገቡት አያቱ ናቸው፤ በዚህ ውርጭ ጋቢያቸውን አልብሰው በየጠዋቱ የሚያደርሱትም እሳቸው ናቸው። ይህን እያወቅሁ ለምን አስጻፍኩት!

ክፍል ልትጎበኝ የገባችው ምክትል ርእሰ መምህሯ ደብተሩን አየችና ጮክ ብላ፣ «እናትህ እህትህ ናት እንዴ?» አለችው። ልጆቹ አውካኩ። እሷም አብራ ሳቀች። ደሜ ፈላ፤ ግን አለቃዬ ናትና ወደ ሰሌዳው ዞርኩ።

እሷ ስትወጣ ልጆቹ ላይ ጮኽኩባቸው። «አያት ያሳደገው በአያቱ ስም ቢጠራ ምን ያስቃል?» አልኩ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት እኔ ነኝ። የስድስት ዓመት ሕፃናት ላይ!

ደብተር ስሰበስብ የናሆምን ገለጥኩት። የራሱን ስም አልነካውም። ከእናቱ ስም ቀጥሎ ያለውን «ተሰማ» ግን ወረቀቱ እስኪቀደድ በላጲስ ፍቆታል።

«ለምን አጠፋኸው?» አልኩት።

«አባባ ተሰማ አንድ ናቸው እኮ፣ ቲቸር። ለሁለታችን አይበቁም።»