ወደ ወንበርህ የዞሩ ድንጋዮች

ዩላማ፣ ፊንላንድ
ግንቦት 4 ቀን 1979 እ.ኤ.አ.

ይድረስ ለታናሽ ወንድሜ ለኦይቫ፤

ጤናህ እንዴት ነው? ስዊድንስ እንዴት ይዛሃለች? እኔ ከወገቤ በቀር ደህና ነኝ። የሐይቁ በረዶ ቀልጧል፤ ድንቹን ግን ገና አልተከልኩም።

ደብዳቤህ ደርሶኛል። ለአባባ ቀብር የሥራ ፈቃድ ያጣኸው ልጅ ድንጋዮቹን ለመጠየቅ ሁለት ወር እንኳን አልቆየህም። ይሁን፤ ኑዛዜው ላይ ያለው ያንተ ስም ስለሆነ አልከራከርም።

አርባ ሦስት ናቸው። አባባ ከድንጋይ ካባው እየለቀመ፣ ክረምቱን ሙሉ እያለሰለሰ መደርደሪያው ላይ የደረደራቸው። አንተ ከሄድክ ጀምሮ አቧራቸውን የምጠርገው እኔ ነኝ። "ጥረጊያቸው፣ ግን እንዳታነቃንቂያቸው" ይለኝ ነበር። በእያንዳንዱ ሥር ዘንበል የሚያደርገው ትንሽ የእንጨት ሽብልቅ ሰክቷል። የእኛ አገር ድንጋይ ቀለሙን የሚያሳየው ከአንድ በኩል ላየው ብቻ እንደሆነ እዚህ ሕፃንም ያውቃል። የአባባ ግን ከምድጃው ጋ ቆሜ ሳያቸው ሁሌም ግራጫ ነበሩ። ዓይኑ ደክሞ የማይረባውን የሚለቅም መስሎኝ አዝንለት ነበር፤ እንዳይከፋው ብዬም ዝም አልኩ።

ማክሰኞ ታውኖ፣ ከአባባ ጋር ድንጋይ ያለሰልስ የነበረው፣ ዕቃውን ሊያሽግልኝ መጣ። ጫማውን ሊያስር ወንበርህ ላይ ቁጭ አለና ቀና ሲል ዓይኑ መደርደሪያው ላይ ቀረ።

"ሄልቪ፣ አንቺ እዚህ ተቀምጠሽ አታውቂም እንዴ?"

"የኦይቫ ነው። አባባ ማንንም አያስቀምጥበትም ነበር።"

"ነይ እስቲ፣ ዛሬ የሚቆጣሽ የለም።"

ተቀመጥኩ። አርባ ሦስቱም አበሩ፤ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ብርቱካናማ። ሽብልቆቹ ሁሉ ባዶው ወንበርህ ላይ ለሚቀመጥ ሰው ዓይን ተለክተው የተሰኩ ናቸው።

ታውኖ ሲሄድ ከምድጃው ጋ ቆሜ አየኋቸው። ከዕቃ ማጠቢያው ጋ አየኋቸው። የአባባን እግር አጥብበት በነበረው ቦታም ተንበርክኬ አየኋቸው፤ አንድ እንኳን ወደ እኔ የዞረ ባገኝ ብዬ። የለም። ትልቁን በገዛ እጄ ወደ ምድጃው ባዞረው አበራ፤ ግን ያዞርኩት እኔ ነኝ፣ ምን ያደርግልኛል? አለቀስኩ፣ ኦይቫ። አባባንም አንተንም ጠላኋችሁ።

ድንጋዮቹን በጋዜጣ ጠቅልዬ፣ ሽብልቆቹን በከረጢት አድርጌ ሐሙስ በመርከብ ልኬልሃለሁ። ወንበሩን ግን አትጠይቀኝ። ቅዳሜ የሳውና መታጠቢያውን ያሞቅኩት እሱን ፈልጬ አንድጄ ነው።

በሰው አገር ፈጣሪ ይጠብቅህ፤ ጤናውንም አይንሳህ።

እህትህ ሄልቪ