ማነቃቂያ ተብሎ ስለተወሰደው የእንቅልፍ ሣጥን

ጅማ፣ ሂርማታ መርካቶ
የካቲት 1980 ዓ.ም.

ለጓድ ደምመላሽ፣ የሕዝብ ንቃት አስተባባሪ ኮሚቴ ሊቀ መንበር

የተከበሩ ጓድ ሊቀ መንበር፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ፣ ለቤተሰብዎና በተለይም ለእንቅልፍዎ ያለኝን መልካም ምኞት በአብዮታዊ ትሕትና አቀርባለሁ። እኔ ቲጃኒ ኢስሃቅ እባላለሁ፤ የካኪ ኮትዎ ወገቡ በጠበበ ቁጥር የማሰፋልዎ ልብስ ሰፊ ነኝ። በዚህ የችግር ዘመን ወገቡ የሚጨምር ሰው ማየት፣ አልሐምዱሊላህ፣ ለሁላችንም ተስፋ ይሰጣል። ሂስ ማቅረብ የሰፊው ሕዝብ መብት መሆኑን ራስዎ አስተምረውናል፤ እኔ ደግሞ በሕዝብነቴም በሙያዬም ሰፊ ስለሆንኩ፣ ወዳጆቼ ተው እያሉ ቢለምኑኝም ይህን ሂሴን በሱቄ በር ላይ ለጥፌዋለሁ።

ባለቤቴ ለጢፋ፣ ልጃችን አብደላ «በፈቃዱ ዘመተ» ተብሎ ከተነገረን ወዲህ እንቅልፍ አጥታለች። ኪኒን ዋጠች፣ ሼሁ ዱዓ አደረጉላት፣ ጎረቤት ያላዘዘላት ቅጠል የለም፤ ጠብ የሚል ነገር ግን አልተገኘም። ኋላ ከወዳጅ ሶሻሊስት አገር የመጣች አንዲት ሐኪምና የእኛው ዶክተር ዓለምብርሃን በጤና ጣቢያው አንድ ክፍል ተሰጥቷቸው ሥራ ጀመሩ። ሁለቱ የሚመራመሩት፣ አንጎልን በደካማ ኤሌክትሪክ እየነካኩ እንዲህ ያለውን ሕመም ማከም ይቻል እንደሆነ ነበር። መሣሪያቸው ሬዲዮ የሚያህል ሣጥን ነው። በውሃ የራሰ ጥጥ ግንባሯና ማጅራቷ ላይ አስረው ማዞሪያውን ቀስ አድርገው አዞሩት። ግንባሬ ላይ ጉንዳን የሚሄድ መሰለኝ አለች፤ ከዚያ ዝም አለች፤ ከዚያ አንኮራፋች። ጓድ ሊቀ መንበር፣ ሚስቱ ስታንኮራፋ ሰምቶ ያለቀሰ ወንድ አይተው የማያውቁ ከሆነ ወደ ሱቄ ብቅ ይበሉ።

ዶክተሩን እጁን ልስመው ስል፣ ያስተኛት ኤሌክትሪኩ ይሁን ጋደም ማለቷ ገና እንዳላወቁና የሚመራመሩትም ለዚሁ እንደሆነ ነገረኝ። አላውቅም የሚል ሹመኛ ስላላየሁ፣ ይህን ሰው ይበልጥ አመንኩት። ለጢፋም እየተመላለሰች ተኛች፤ የምትበላውን መቅመስ፣ ሰው ሲያስቃት መሳቅ ጀምራ ነበር። ቅሬታዬ ከዚህ በኋላ ያለውን የሚመለከት ነው።

1ኛ. ዶክተሩ የፈረንጁን ቃል ወደ አማርኛ መልሶ ሣጥኑ ላይ «የአንጎል ማነቃቂያ» ብሎ ጻፈበት። ኮሚቴዎም በከተማችን ሰውን የማንቃት ሥራ ሁሉ በእርሱ በኩል ብቻ እንደሚከናወን ገልጾ፣ ሣጥኑን በጠራራ ፀሐይ ጭኖ ወሰደው። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል ይባላል። ምስኪኑ ዶክተር «ማስተኛ» ብሎ ቢጽፍ ኖሮ ሣጥኑ አይወሰድም ነበር፤ ሕዝብ በማስተኛት ወንጀል የሚወሰደው እርሱ ራሱ ነበር። ስለዚህ ለተደረገለት ምሕረት በስሙ አመሰግናለሁ።

2ኛ. ሣጥኑ አዳራሽዎ እንደደረሰ ካድሬው ጓድ ጎሳዬ ንቃቱን ከፍ ለማድረግ በፈቃደኝነት ጥጡን ግንባሩ ላይ አሳስሮ፣ የውይይት ክበቡ ንባብ ሳይጀመር እንቅልፍ እንደወሰደው ከተማው ሁሉ ያውቃል። በዚህም ምክንያት ዶክተር ዓለምብርሃን ተጠርቶ፣ የማንቂያ መሣሪያ ካድሬ ያስተኛው በማን ሴራ እንደሆነ እንዲያስረዳና ግለ ሂስ እንዲያደርግ ተደርጓል። ሴራ እንደሌለና መሣሪያው በትክክል እንደሠራ ቢያስረዳ፣ ስለ ማብራሪያው ወባ ወደ በዛበት ቆላ ተዛወረ። የውጭዋ ሐኪምም የምታክምበት ሣጥን ስለሌላት ወደ አገሯ ተመለሰች። ምርምሩ በዚሁ በድል ተጠናቋል።

3ኛ. ሣጥኑ አሁን ከባለ ጢሞቹ ሥዕሎች ሥር ቀይ ጨርቅ ለብሶ ለእንግዳ ይታያል። ጨርቁን እንድሰፋለት የታዘዝኩት እኔ ነኝ። ልኩን ወስጄ፣ ጠርዙን አጥፌ፣ የሚስቴን እንቅልፍ በእጄ ሸፍኜ ወጣሁ። ምን ላድርግ?

ከዚህ በኋላ ልመናዬን መጻፍ ነበረብኝ፤ ነገር ግን ምን እንደምለምንዎ ጠፍቶኛል። ሣጥኑ ይመለስ ብል የሚያዞረው ሰው የለም። ዶክተሩ ይመለስ ብል ሣጥኑ የለም። ሁለቱም ይመለሱ እንዳልል፣ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ የሚለምን እኔ ማን ነኝ? የልጄን ወሬ ብጠይቅ ደግሞ ወታደራዊ ምስጢር ነው ተብያለሁ፤ እናቱ እንኳ የማታውቀው ምስጢር በመሆኑ በሚገባ እንደተጠበቀ እመሰክራለሁ። ለጢፋ እንደ ልማዷ ኦሮምኛውን ከአማርኛው ቀላቅላ፣ «ቲጃኒ፣ ሂሪባ እንዴት ነበር የሚተኛው?» ትለኛለች። ሂሪባ እንቅልፍ ማለት ነው። ጥያቄው ከፖለቲካ ትምህርቱ ውጭ ነው፤ ፈራሁ፣ ጓድ፤ እንደ ሻማ እየቀለጠች ዓይኔ እያየ ልታልቅብኝ ነው።

ለሚሰጡኝ መልስ፣ መልስ ባይሰጡኝም ለዝምታዎ፣ ዝምታዎም ወደ እስር ቤት የሚወስድ ከሆነ ለመጓጓዣው ሁሉ አስቀድሜ ወገቤን አጥፌ እጅ እነሳለሁ።

አክባሪዎ፣ ታዛዥዎና በንቃትዎ ጥላ ሥር የሚኖር
ቲጃኒ ኢስሃቅ
ልብስ ሰፊ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ባለፈው የውይይት ክበብ ተሰብሳቢው ቀርቶ መድረኩ ሲያንቀላፋ፣ ዓይኗን ሳትከድን የቆየችው ለጢፋ ብቻ ስለነበረች፣ ኮሚቴው «የንቃት አርአያ» ብሎ የምስክር ወረቀት ሊሸልማት መወሰኑን ሰምተናል። ያነቋት ጓዶች ስምም በወረቀቱ ላይ ይሰፍራል አሉ። እንግዲያው አብደላን ለእናቱ በርበሬ ሊገዛ በወጣበት ከገበያ መካከል አፍሰው፣ እጁን ጠምዝዘው የጫኑት ጓዶች ስም እንዳይዘለል አደራ እላለሁ። እርሷን ያነቋት እነርሱ ናቸው።